ብጉርና ሕክምናው፦ የምዕራብ ጎጃም ወጣት ምን አማራጭ አለው?

ከጃቢ ጠህናን፣ ከቋሪት፣ ከወምበርማና ከቡሬ ዙሪያ የገጠር ቀበሌዎች ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ መጥተው፣ ቤት ተከራይተው የሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ስንቃቸው ከቤት ይመጣል፤ ስለ ፊታቸው ብጉር ምክር የሚያገኙት ግን ከጓደኛ፣ ከመዋቢያ ሱቅና ከመድኃኒት ቤት መስኮት ነው። ወላጅ «ዕድሜው ነው፣ ይለቀዋል» ይላል። ወባና ወሊድ በሚበዛበት የጤና ጣቢያ ወረፋ ቆሞ ስለ ብጉር መናገርም እንደ ቅንጦት ይቆጠራል። ስለዚህ ልጆቹ ያገኙትን ይቀባሉ፤ ያልሠራላቸውን በሌላ ይተካሉ፤ ከዚያም ተስፋ ቆርጠው ፊታቸውን በሻሽ ወይም በኮፍያ ሸፍነው ይቀመጣሉ።

ይህ ዳሰሳ የሚነሣው ብጉር ሕክምና ያለው በሽታ ነው ከሚል እምነት ነው። አብዛኛው የአሥራዎቹ ዕድሜ ብጉር ያለ ልዩ ሐኪም፣ በሚገባ በተፈተኑ ሁለት ሦስት መድኃኒቶችና በሦስት ወር ትዕግሥት ይሻላል። ልጆቻችንን እየጎዳ ያለው የመድኃኒት እጥረት ብቻ አይደለም፤ በችኮላ የሚቀባው የተሳሳተ ነገርም ነው። ስለዚህ አማራጮቹን ከቤት ጀምረን እስከ ሪፈራል ሆስፒታል እንያቸው።

ብጉር እንዴት ይፈጠራል?

በጉርምስና ጊዜ የወንዱም የሴቷም ሰውነት አንድሮጅን የተባሉትን ሆርሞኖች በብዛት ያመነጫል። እነዚህ ሆርሞኖች በጸጉር ሥር ያሉትን የወዝ ዕጢዎች ስለሚያነቃቁ ፊት፣ ደረትና ጀርባ ይወዛል። የጸጉሩን ቀዳዳ ከውስጥ የሚሸፍኑት የቆዳ ሕዋሳት ደግሞ በወጉ ሳይረግፉ ይጣበቁና መውጫውን ይደፍኑታል። በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ ኩቲባክቴሪየም አክነስ የተባለ፣ በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይም የሚኖር ባክቴሪያ ይራባል። ሰውነት ይህን ሲዋጋ ቦታው ያብጣል፣ ያማል፣ መግል ይይዛል።

ከዚህ አፈጣጠር ለታማሚው የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ ብጉር ከቆሻሻ አይመጣም፤ ፊቱን በቀን አምስት ጊዜ የሚታጠብ ልጅም ይወጣበታል። ሁለተኛ፣ አራት ነገሮች ተባብረው ስለሚፈጥሩት ለሁሉም የሚሆን አንድ መድኃኒት የለም፤ ጥሩ ውጤት የሚገኘው በተለያየ መንገድ የሚሠሩ ሁለት መድኃኒቶች ሲጣመሩ ነው። ሦስተኛ፣ ዛሬ የሚታየው ብጉር ከቆዳ በታች የጀመረው ከሳምንታት በፊት ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሕክምና በአንድ ሳምንት ሊመዘን አይችልም፤ ፍርዱ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል።

ከ12 እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ ከመቶ 85 የሚሆኑት ወጣቶች በተለያየ ደረጃ ብጉር እንደሚያዩ በሕክምናው ዓለም በሰፊው ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የእንግሊዝ መንትዮች ጥናት ደግሞ በሰዎች መካከል ለሚታየው የብጉር ልዩነት 81 በመቶውን ድርሻ ለዘር ውርስ ሰጥቷል። አባት ወይም እናት በወጣትነታቸው ብጉር ካስቸገራቸው፣ ልጃቸውን «ምን ነክተህ ነው?» ከማለት ይልቅ ቶሎ ወደ ሕክምና መውሰድ ይገባቸዋል።

ከቤት የሚጀምረው

የመጀመሪያው እርምጃ ገንዘብ አያስወጣም። ፊትን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለብ ባለ ወይም ቀዝቃዛ ውኃና ለስላሳ ሳሙና በእጅ ታጥቦ መተው በቂ ነው። የልብስ ሳሙና ቆዳን አድርቆ ይቆጣዋል፤ በሻካራ ጨርቅ መፈተግም ያባብሰዋል።

በጎጃም ልዩ ትኩረት የሚሻው ጸጉር ላይ የሚደረገው ቅቤ ነው። ሹሩባ ተሠርቶ የሚቀባው ቅቤ በፀሐይ ሲቀልጥ ወደ ግንባርና ወደ ጆሮ ግንድ ይወርዳል፣ የጸጉርን ቀዳዳዎችም ይደፍናል። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ የሚሠሩ የቆዳ ሐኪሞች ከጸጉር ቅባት የሚመጣ የግንባር ብጉርን ራሱን የቻለ ዓይነት አድርገው ገልጸውታል፤ የቫዝሊንና የሌሎች የጸጉር ቅባቶች ጉዳይም ያው ነው። ቅቤን ፈጽሞ መተው የማይሆንላት ልጅ ከግንባሯ ራቅ አድርጋ ብትቀባ፣ ስትተኛ ሻሽ ብታስር፣ ግንባሯን ጠዋት በሳሙና ብትታጠብና ሻሹንና የትራስ ልብሱን ቶሎ ቶሎ ብታጥብ ትልቅ ለውጥ ልታይ ትችላለች። ብጉሩ ግንባርና የጸጉር ጠርዝ ላይ ብቻ ከሆነ ሌላ መድኃኒት ከመግዛት በፊት ይህን መሞከር ይገባል።

ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ግን ከሚጠቅሙት አይቆጠሩም። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ተወቅጠው ቆዳ ላይ ሲቆዩ እንደ እሳት ያቃጥላሉ፣ ውኃ ያስቋጥራሉ። የሎሚ ጭማቂ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ሲወጣበት ቆዳን ያቃጥላል፣ ከዚያም ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። የጥርስ ሳሙናም ያደርቃል፣ ይቆጣል እንጂ አያክምም። እሬት ቆዳን ሊያቀዘቅዝ ይችላል፤ ብጉርን በመድኃኒት ልክ ይፈውሳል የሚያሰኝ ማስረጃ ግን የለውም። ዳማከሴ ለምች የሚታሸው በአባቶች ልማድ ነው፤ ለምች የሚባለው የከንፈር ቁስልና ብጉር የተለያዩ በሽታዎች ስለሆኑ አንዱን በሌላው መድኃኒት መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። ጠበል የሚጠመቅ ወጣት በእምነቱ ይጽና፤ መድኃኒቱን ግን ለጠበሉ ሲል አያቋርጥ፣ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይችላል።

ምግብን በተመለከተ ብዙ ወጣት ራሱን ያለ ምክንያት ይቀጣል። የቡሬና የጃቢ በርበሬ፣ የሚበላ ቅቤ ወይም ሥጋ ብጉር እንደሚያመጣ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም። በተሻለ ሁኔታ የተጠናው ስኳርና ጣፋጭ የበዛበት አመጋገብ ነው፤ በአንዳንድ ጥናቶች ወተትም ከብጉር ጋር ተያይዞ ታይቷል። ለስላሳ መጠጥና ብስኩት መቀነስ አይጎዳም፤ ሕክምናን ግን አይተካም።

ሁለት ነገሮችን ግን አጥብቆ መቃወም ያስፈልጋል። አንዱ ማፍረጥ ነው፤ ብጉርን በጥፍር መጫን መግሉን ወደ ውስጥ ገፍቶ ጠባሳ ያወጣል። ሌላው «ሲያገባ ይጠፋል» የሚለው አባባል ነው። ጋብቻ የብጉር መድኃኒት አይደለም፤ ያለዕድሜ ጋብቻ ሥር በሰደደበት አካባቢ ደግሞ ይህን ለሴት ልጅ መናገር ከስሕተትም በላይ ነው።

የሚቀቡ መድኃኒቶች

የብጉር ሕክምና ዋናው መሠረት የሚቀባ መድኃኒት ነው። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021፣ የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ በ2024 ያወጧቸው መመሪያዎች ሁለቱም በግንባር ቀደምትነት የሚያስቀምጡት እነዚህኑ ነው።

ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ባክቴሪያው ሊለማመደው እንዳልቻለም ይታወቃል። በ2.5፣ በ5 እና በ10 በመቶ ጥንካሬ ይመረታል። ቀደም ሲል የተሠሩ ጥናቶች ያሳዩት 2.5 በመቶው ከ10 በመቶው ያላነሰ እንደሚሠራ፣ የሚያሳክከውና የሚያደርቀው ግን በጣም ያነሰ መሆኑን ነው። ስለዚህ ጠንካራው ይሻላል ብሎ ወደ 10 በመቶ መሮጥ ትርፉ መቃጠል ነው፤ በእኛ ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ማንኛውም ቃጠሎ ጥቁር ምልክት ትቶ ያልፋል። ይህ መድኃኒት ልብስን እንደ በረኪና ያነጣል። የትራስ ልብስን፣ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስንና የነጠላን ጥበብ ከእሱ መጠበቅ ያስፈልጋል።

አዳፓሊንና ትሬቲኖይን ከቫይታሚን ኤ ቤተሰብ ናቸው። ሥራቸው የተደፈነውን ቀዳዳ መክፈትና አዲስ እንዳይደፈን መከላከል ነው። ማታ ብቻ፣ ፊት ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ የአተር ፍሬ የምታህል መጠን ለመላው ፊት ይቀባሉ። ብጉር በወጣበት ነጥብ ላይ ብቻ መቀባት ጥቅማቸውን ያስቀራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆዳው ይላጣል፤ ብጉሩም የባሰ ሊመስል ይችላል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ዕለት ተዕለት መሸጋገር ይህን ያቀልለዋል። ትሬቲኖይን ከቤንዞይል ፐሮክሳይድ ጋር በአንድ ጊዜ ከተቀባ ኃይሉን ያጣል፤ አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ መለየት ይሻላል። አዳፓሊን ግን አብሮ ይሄዳል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትሆን የምትችል ሴት ሁለቱንም መጠቀም የለባትም።

ክሊንዳማይሲንና ኤሪትሮማይሲን የሚቀቡ አንቲባዮቲኮች ናቸው። ብቻቸውን ሲቀቡ ባክቴሪያው ይለማመዳቸዋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከቤንዞይል ፐሮክሳይድ ጋር መጣመር አለባቸው። በየቤቱ የሚገኘው የዓይን ቴትራሳይክሊን ቅባት የተሠራው ለዓይን ነው፤ ቅባታማ ስለሆነም ለሚወዛ ፊት አይስማማም።

አዜላይክ አሲድ ከ15 እስከ 20 በመቶ ባለው ጥንካሬ ብጉሩንም፣ ብጉሩ ጥሎት የሄደውን ጥቁር ምልክትም ያክማል፤ በእርግዝና ጊዜም መጠቀም ይቻላል። ችግሩ በትንንሽ ከተሞች በቀላሉ አለመገኘቱ ነው። ሳሊሲሊክ አሲድ ለቀላል ብጉርና ለጥቁር ነጥቦች ይረዳል፤ ከላይ ከተጠቀሱት ግን ደካማ ነው።

ባለሙያ ሲጠየቅ በቅድሚያ ሊሰጥ የሚገባው መልስ እንግዲህ ይህ ነው፦ ለቀላልና ለመካከለኛ ብጉር ቤንዞይል ፐሮክሳይድ 2.5 ወይም 5 በመቶ፣ ከተገኘ ከአዳፓሊን ጋር፣ ለሦስት ወር ሳይቋረጥ። ሁለቱን የመግዛት አቅም የሌለው በአንዱ ይጀምር። በጀመረበት ቀን ፊቱን በስልክ ፎቶ አንስቶ በየወሩ ቢያነጻጽር፣ መስተዋት ያልነገረውን ለውጥ ያያል።

ፊትን የሚያበላሸው ቅባት

በዚህ ዳሰሳ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲሰማ የምፈልገው ማስጠንቀቂያ ስለ ስቴሮይድ ቅባቶች ነው። ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶልና የመሳሰሉት ለችፌና ለሌሎች የቆዳ ቁጣዎች በሐኪም ትእዛዝ፣ ለአጭር ጊዜ የሚሰጡ ጠንካራ መድኃኒቶች ናቸው። ብጉር ላይ ሲቀቡ በጥቂት ቀናት እብጠቱ ይሟሽሻል፣ ፊቱ ይጠራል፣ ይቀላል። ተቀቢውም መድኃኒቱን አገኘሁ ብሎ ይደሰታል፤ ለጓደኛውም ይነግራል። ከሳምንታት በኋላ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ፊት ላይ ጸጉር ይበቅላል፣ ራሱ ስቴሮይዱ ያመጣው አዲስ ብጉርም ይወጣል። ለማቆም ሲሞከር ፊቱ ይቃጠላል፣ ያብጣል፤ ስለዚህ እንደገና ይቀባል። ከዚህ አዙሪት ለመውጣት ወራት ይፈጃል።

እነዚህ ቅባቶች በመዋቢያ ሱቅ የፊት ማቅያ ተብለው፣ አንዳንዴም ይዘታቸው በግልጽ ሳይጻፍባቸው ይሸጣሉ። ከስቴሮይድ ሌላ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ ያለባቸውም አሉ። ሜርኩሪ ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝ ስለሆነ በዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት በመዋቢያ ውስጥ ተከልክሏል። ማንኛውንም የፊት ቅባት ከመግዛት በፊት የይዘት ዝርዝሩን ማንበብ፣ ዝርዝር ከሌለው አለመግዛት፣ በስሙ ውስጥ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ካለበት ብጉር ላይ አለመቀባት ራስን የማዳኛ ሕግ ነው። ለረጅም ጊዜ የተቀባ ደግሞ በራሱ ከማቆም ይልቅ የጤና ባለሙያ ቢያማክር ይሻላል።

የሚዋጡ መድኃኒቶች

ብጉሩ ጀርባና ደረት ላይ ከተስፋፋ፣ ወይም መግል የያዘውና የሚያመው ከበዛ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ይጨመራል። ቀዳሚው ዶክሲሳይክሊን ነው፤ በየጤና ተቋማቱ ለሌሎች በሽታዎችም ስለሚሰጥ በባለሙያው ዘንድ የታወቀ ነው። የተለመደው መጠን በቀን አንድ ጊዜ 100 ሚሊ ግራም ሲሆን ለሦስት ወር ያህል ከሚቀባው ጋር ይወሰዳል፤ ከዚያ ቆሞ የሚቀባው ብቻ ይቀጥላል።

በገጠር ለሚኖር ወጣት ይህ መድኃኒት ሁለት ጥንቃቄዎችን ይጠይቃል። ዶክሲሳይክሊን ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል፤ በእረኝነት፣ በአጨዳና በወፍ ጥበቃ የሚውል ልጅ ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ አዋዋጡ ነው። በጥቂት ውኃ ተውጦ ወዲያው ከተተኛ ጉሮሮን ከውስጥ ያቆስላል። በጾም ወቅት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከምግብ ጋር፣ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ቁጭ ብሎ መዋጥና ከመተኛት በፊት ጊዜ መስጠት ይስማማል። ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለብጉር አይሰጥም። ከጓደኛ የተረፈ ፍሬ መዋጥ፣ ሲሻል አቁሞ ሲመለስ መጀመር፣ ጀርሞች መድኃኒቱን እንዲለማመዱ ያደርጋል፤ ነገ ለከባድ ሕመም ስንፈልገው ላይሠራልን ይችላል።

ሴቶችን በተመለከተ አንድ የሚዘነጋ ጉዳይ አለ። በአገራችን በስፋት የሚሰጡት የሦስት ወር መርፌና በክንድ ውስጥ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ፕሮጀስትሮን መሰል ሆርሞን ብቻ የያዙ ስለሆኑ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ብጉርን ያባብሳሉ። ሁለት ሆርሞኖችን የያዘው የሚዋጥ እንክብል ደግሞ በብዙዎች ዘንድ ብጉርን ይቀንሳል። ብጉሯ ከመከላከያው በኋላ የባሰባት ወጣት መከላከያውን በራሷ ከማቆም ይልቅ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም ለጤና ጣቢያው ነግራ አማራጭ ትጠይቅ። የወር አበባዋ የሚዛባ፣ አገጯና ከንፈሯ ላይ ጸጉር የሚበቅል ልጅም የሆርሞን ምርመራ ያስፈልጋታል።

ከሁሉ ጠንካራው አይሶትሬቲኖይን ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 ተፈቀደ፤ በጓጎለና ጠባሳ በሚያወጣ ብጉር ላይ እስካሁን የሚወዳደረው የለም። ለወራት ተወስዶ ብዙዎችን ለረጅም ጊዜ ይገላግላል። ነገር ግን በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ሴቶች ያለ አስተማማኝ የወሊድ መከላከያና ያለ እርግዝና ምርመራ ፈጽሞ ሊወስዱት አይገባም። ከንፈርን ያደርቃል፤ የጉበትና የደም ቅባት ምርመራ፣ የስሜት ለውጥንም መከታተል ይጠይቃል። ከዶክሲሳይክሊን ጋር አብሮ አይወሰድም፤ በጭንቅላት ውስጥ ግፊት ሊጨምር ይችላልና። ይህ የቆዳ ሐኪም ብቻ የሚያዘውና የሚከታተለው ነው።

መቼ ወደ ሐኪም?

በፊት ላይ የወጣ ሁሉ ብጉር አይደለም። በአፍንጫ ወይም በጉንጭ ላይ ወጥቶ ለወራት እየሰፋ የሚሄድ፣ ብዙም የማያም አንድ እብጠት ወይም ቁስል ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ቁንጭር በደጋው ኢትዮጵያ የሚገኝ፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ የብጉር መድኃኒት አይነካውም። በግንባር፣ በደረትና በጀርባ ላይ አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው፣ በጣም የሚያሳክኩ ጥቃቅን ሽፍታዎችም ከፈንገስ ሊመጡ ይችላሉ፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ ያባብሳቸዋል።

የጓጎለ፣ የሚያም፣ ጠባሳ መተው የጀመረ፣ በሦስት ወር ትክክለኛ ሕክምና ያልተሻለ፣ ወይም ልጁን ከትምህርት ያስቀረና ለድብርት የዳረገ ብጉር ሪፈር መባል አለበት። የአገራችን የቆዳ ሕክምና በአብዛኛው ያደገው ከሥጋ ደዌ ሆስፒታሎች ነው፤ በአዲስ አበባ አለርት፣ በደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ለዚህ ምስክር ናቸው። አገልግሎቱ በጥቂት ቦታ የተሰበሰበውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ሰው መንገዱ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ትልልቅ ሆስፒታሎች ያመራል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቀጠሮ ይተላለፋል። ስለዚህ በቅርብ በሚገኝና ሳይቋረጥ ሊቀጥል በሚችል መድኃኒት ቶሎ መጀመር ለእኛ ከሌላው ሁሉ ይልቅ አስፈላጊ ነው። ርቆ የሄደ ታካሚም ለሙሉ የሕክምናው ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት ይዞ መመለስ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ብጉሩ ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ምልክት ጠባሳ አይደለም፤ ፀሐይ ከተከለለለትና አዲስ ብጉር ከቆመ በወራት ውስጥ እየፈዘዘ ይሄዳል። የተቦረቦረ ጠባሳ ግን በራሱ አይሞላም፤ በሌዘርና በመርፌ የሚደረጉት ሕክምናዎች በትልልቅ ከተሞች የሚገኙ፣ ውድና ውጤታቸው የተወሰነ ናቸው። ርካሹና አስተማማኙ የጠባሳ ሕክምና ብጉሩን በጊዜው ማከም ነው።

ከማን ምን ይጠበቃል?

አማራጮቹን አንድ በአንድ ስናያቸው ሚዛኑ ግልጽ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ያለ ወጣት ከሌላው ዓለም ወጣት የሚለየው በሽታው ከብዶበት ወይም መድኃኒቱ የተሰወረ ሆኖበት አይደለም፤ በትክክለኛው ጊዜ ትክክለኛውን ቃል የሚነግረው ሰው አጥቶ ነው። ይህን ክፍተት መድፈን ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ለብጉር ስቴሮይድ አልሸጥም ይበል፤ ቤንዞይል ፐሮክሳይድን ከነአቀባቡ ያስረዳ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ስለ ጸጉር ቅቤና ስለ ማቅያ ክሬም ለእናቶች ያስተምሩ። ትምህርት ቤቶች የጤና ክበቦቻቸው ውስጥ ብጉርን ያንሡ፤ መምህራንም ተማሪ በፊቱ ሲቀለድበት ዝም አይበሉ። የጤና ቢሮውና የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው በየሱቁ ያለ ማዘዣ የሚሸጡትን ስቴሮይዶች ይከታተሉ። ወላጆችም «ይለቀዋል» ከማለታቸው በፊት ልጃቸውን ቀና ብለው ይዩት፤ ብጉሩ የሚያም ወይም ጠባሳ የሚተው ከሆነ በዚሁ ወር ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።